ለመለካት የተሰጠ ቁልፍ

አክስቴ በራሷ ግድግዳ ላይ ምስማር መትታ አታውቅም። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ መጋረጃ ሰፊ አይደለች እንዴ፣ ሥራዋስ መብሳትና መስቀል አይደል ወይ ይለኛል። የሰው ግድግዳማ ስትበሳ ነው የኖረችው። የራሷን ነው ያልኩት። ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው በኪራይ ነው፤ አከራይ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከለክለው ምስማር ነው። ስለዚህ የግድግዳ ሰዓቷ ወንበር ላይ ተደግፎ ይቆጥራል፣ የእናቷ ፎቶ ከቁም ሳጥኑ ጎን መሬት ላይ ተቀምጧል። "አንዲት ምስማር ማን ያያታል?" ስላት "ስወጣ ቀዳዳዋን ማን ይደፍናል?" ትለኛለች። ገና ስትገባ መውጣቷን የምታስብ ሴት ናት።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴን ከጨረስኩ ጀምሮ አብሬያት እሠራለሁ። ሱቃችን ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በመንገዱ በኩል መስታወት ነው፤ መሃል ላይ ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ሁለት የስፌት መኪና፣ የቀረው እስከ ጣሪያ ድረስ የጨርቅ ጥቅል ነው። ሰፈሩ ስሟን ትቶ "መጋረጃዋ" ነው የሚላት። አንዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ "መጋረጃዋ አለች?" ሲል፣ እሷ ከጠረጴዛው ስር መርፌ እየፈለገች "አለሁ፣ ገና አልተሰቀልኩም" ትላለች። ስንት ዓመት ሙሉ ይችኑ አንድ ቀልድ! እኔ መሳቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ደንበኛው ግን ይስቃል፣ እሷም አብራው ትስቃለች።

አላገባችም፣ አልወለደችም። ለምን ብሎ የሚጠይቃት ደፋር ሲመጣ "ልኬን የሚያውቅ ጠፍቶ" ትልና ታልፈዋለች። ባል አጣሁ ብላ ስትቆዝም አንድ ቀን አይቻት አላውቅም። የቤት ነገር ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ድምጿ ሁሉ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የተከራየችው ክፍል አከራይ፣ የስፌት መኪናዋ በተንኳኳ ቁጥር ግድግዳውን በከዘራ ይደበድብባት ነበር። የሁለተኛው ክፍል መስኮት ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። አሁን ያለችበት ደግሞ ጭራሽ መስኮት የለውም። የከተማውን መስኮት ሁሉ ስታለብስ የኖረች ሴት መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ታድራለች፤ እሷ ምንም አትል፣ እኔ ነኝ የምንጨረጨርላት።

ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ጨርቅ ነበር፤ የደረቀ ሣር የመሰለ ቀለም ያለው፣ ወፈር ያለ፣ ሲነኩት እጅ የሚያቀዘቅዝ ሊነን። ዓይን ያለው ደንበኛ ሁሉ ያየውና "እስቲ ያንን አውርጂልኝ" ይላል።

"ተሽጧል" ትላለች አክስቴ።

"ለማን?"

"ባለቤቱ ገና አልመጣም።"

እኔም አንድ ሀብታም አስቀምጪልኝ ብሏት ይሆናል እያልኩ ስንት ዓመት አቧራውን ጠረግኩ። ለካስ ለራሷ ኖሯል።

ቤቱን ያገኘልን ደላላ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ማዕድ ቤት፣ ሦስት መስኮት፤ ሦስቱም ወደ ፀሐይ መግቢያ የሚያዩ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሰፈሩ አሁንም "ሹፌሩ" ይላቸዋል። ሽማግሌ ስለሆኑ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ፤ ከልቤ ግን እንዳይመስላችሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ዓመት አልፏል። እሳቸውም መጋረጃውን አውርደው፣ ምንጣፉን ጠቅልለው፣ ወደ ልጃቸው ቤት ገብተዋል፤ ቤቱ ባዶውን ነው ያየነው።

ሰው ቤት ሲገዛ ጣሪያ ያያል፣ ቧንቧ ይከፍታል፣ ግድግዳ ያንኳኳል። አክስቴ በቀጥታ ሄዳ ትልቁ ክፍል መስኮት ጋ ቆመች። ደላላው ስለ ውሃው ይለፈልፋል፣ እሷ የለችም።

"ጋሼ" አለች ድንገት፣ "ፀሐይዋ እዚህ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለች?"

"እስክትጠልቅ" አሉ ሹፌሩ። "ባለቤቴ እዚችው ጋ ነበር የምትቀመጠው።" ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉና ወደ ጓሮ ወጡ።

በዋጋ አልተከራከረችም። ኧረ ተከራከሪ ብዬ በክርኔ ጎሰምኳት፣ አልሰማችኝም። ሐሙስ ዕለት ሱቃችን ውስጥ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተፈራረሙ። ምስክሮቹ ደላላው፣ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪውና እኔ ነበርን። ቀብድ ከፈለች። ሰኞ ጠዋት ውል የሚመዘገብበት ቢሮ ሄደው ሹሙ ፊት ዳግመኛ ሊፈርሙ ተቀጣጠሩ፤ ሕጉ ነዋ፣ እዚያ ካልተፈረመ ቤት ተሸጠ አይባልም። ደላላው ይህንን ሁለቴ ነገረን። ሁላችንም ጭንቅላታችንን ነቀነቅን።

ሹፌሩ ሊወጡ ሲሉ አክስቴ እስከ በር ተከተለቻቸው። "ጋሼ፣ ቅር ካላልዎት ቁልፉን ይስጡኝ፤ መስኮቶቹን ልለካ።"

"ይለኩ፣ ይለኩ፤ እኔ ሁለተኛው አለኝ" ብለው ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሱቅ ውስጥ የታወቀ ደንብ አለ፦ ሰው ያልገባበት ቤት መጋረጃ አይሰቀልም። ቀለሙ ይደርቅ፣ ዕቃው ይግባ፣ አቧራው ይውጣ፣ ከዚያ እንመጣለን። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ችኩል በዚህ ደንብ መልሳለች! ይህን ደንብ ያወጣችው እሷ፣ ያፈረሰችውም እሷው ናት። ዓርብ ጠዋት ሱቅ ስገባ ያ ጨርቅ ከመደርደሪያው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አክስቴ መቀሷን ይዛ ቆማለች፤ አልቆረጠችም፣ ዝም ብላ በመዳፏ ትዳብሰዋለች።

"ለሰኞ ምን ቀረው?" አልኳት። "ምን አስቸኮለሽ?"

"አልቻልኩም" አለች። 

ዓርብና ቅዳሜ ደንበኛ አላስገባችም። ገበሩን ራሷ ቆረጠች፣ ጠርዙን በእጇ ቀመቀመች፤ በመኪና ይሻላል ብላት ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። እያንጎራጎረች ስትሰፋ ያን ጊዜ መጀመሪያዬ ነው የሰማኋት፤ ድምጿ ደስ አይልም፣ ግን አንጀቴን በላችው።

እሑድ ዘንጉንና መሰላሉን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። መብሻውን ግድግዳው ላይ ደገነችና ቀረች።  የሰው ግድግዳ እንደ ቅቤ የምትበሳ ሴት!

"ልብሳው?" አለችኝ።

"እንዴ! ቤትሽ አይደል?"

በሳችው። አቧራው ፊቷ ላይ ሲረግፍ አልጠረገችውም። ሰቅለን ስንጨርስ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጨርቁ ውስጥ ገባች፤ ክፍሉ ሁሉ የበሰለ እህል ቀለም ያዘ። አክስቴ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደገፈች፣ እግሯን ዘረጋች። "የደከመኝ አሁን ነው" አለች። እስክንወጣ ድረስ ከዚያ አላንቀሳቀስኳትም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደረስን። አክስቴ ዘንጣ፣ ሽቶ ተቀብታ። ሹፌሩ የሉም። ደላላው ይደውላል፣ አይነሳም። የቢሮው ሠራተኛ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል "አንዱ ወገን ካልመጣ እኔ ምን ላድርግላችሁ?" አለን፤ እውነቱን ነው። ታመው ይሆናል፣ አለች አክስቴ። ልጃቸውን መጠየቅ ነበረብን፣ ዕቃ ሲያነሱ ወገባቸውን ይዟቸው ይሆናል፣ ምናምን። ሰው ስታምን ለጉድ ነው።

በነጋታው ራሳቸው መጡ። ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የሱቁ ደፍ ላይ ቆሙ፣ ይግቡ ብንላቸው አልገባም አሉ።

"ቤቱን መሸጥ አልችልም" አሉ።

እሑድ፣ እኛ ከወጣን በኋላ፣ የቀረች የመፍቻ ሳጥናቸውን ሊወስዱ መጥተው ኖሯል። ከመንገዱ ቀና ሲሉ መስኮቱ መጋረጃ ለብሷል። "ባለቤቴ ያለች መሰለኝ" አሉ። "በሩን ከፍቼ ጠራኋት፤ በስሟ ጠራኋት። ከዚያ እዚያው ተቀመጥኩ። ልጄ ሲያጣኝ መጥቶ ነው ያነሳኝ። እመቤቴ፣ እኔ ቤቱን የሸጥኩት ባዶ ስለሆነብኝ ነበር። አሁን ባዶ አይደለም።"

ደሜ ፈላ። "አባባ!" አልኳቸው፣ "የሞላችውስ እሷ አይደለች እንዴ?"

"ናት" አሉ። "እኔንም ያሳፈረኝ እሱ ነው።"

ቀብዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አክስቴ አልነካችውም፣ ቁልፉንም አልመለሰችም። ፊቷ አመድ መስሎ "ጋሼ፣ ይሂዱ" አለቻቸው፤ ቁጣዋ ይኸው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ገንዘቡን አንስቶ ተከተላቸውና መለሰላቸው።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ሆነ። ከአከራይ ጋር እንኳ ተከራክራ የማታውቅ ሴት ከሰሰች! ሰው ሳታማክር ጠበቃ ያዘች። ጠበቃው አፈ ጮሌ ነው፣ ነገሩን ሁሉ "በእጃችን ነው" ይላል። ሲያስረዳን እንዲህ አለ፦ የውሉ ሁለተኛ ፊርማ ጎድሏል፣ እውነት ነው፤ ግን ሻጭ ቤቱን አስረክቦ ከሆነ፣ ገዢም ገብታ እንደ ባለቤት ይዛ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ውሉን ጨርስ ብሎ ሊያስገድደው ይችላል። ቁልፉ እጅሽ ነው። ግድግዳው ተበስቷል። ከዚህ ወዲያ ርክክብ ምን አለ? "አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ" አላት፣ "ዳኛዋ ስትጠይቅሽ፣ ቁልፉን ተረክቤ ገባሁ በያት። አለቀ።"

ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። ዛሬ ዳኛዋ ታማለች፣ ነገ መዝገቡ አልቀረበም፣ ከነገ ወዲያ ጠበቃው ሌላ ችሎት አለው። እኛ ስንመላለስ የቤት ዋጋ ጥሎን ሄደ፤ ያንን ቤት ካጣን በእሷ አቅም ሌላ ቤት ብሎ ነገር እንደማይኖር ሁለታችንም አወቅነው፣ አፍ አውጥተን ግን አልተነጋገርንበትም።

ሹፌሩ በበኩላቸው ተመልሰው ገብተው እዚያው ይኖራሉ። አክስቴ ሱቅ ከዘጋን በኋላ ወደ ክፍሏ የምትሄደው በዳገቱ በኩል ሆነ። መንገዷ አይደለም፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው። አንዳንድ ቀን አብሬያት እሄዳለሁ። ከማዶ ትቆምና ታያለች። "በእጃቸው ነው የሚጎትቱት!" ትለኛለች ተቃጥላ። "ገመድ ሠርቼለት! ጠርዙን ሊያቆሽሹት ነው እኮ!" እኔ ሳቄ ይመጣል፣ ወዲያው ደግሞ ክንዷን ይዤ መንገዱን አስቀጥላታለሁ። ሌሊት ያንን ክፍል ታልመዋለች። ጠዋት ስትገባ "ዛሬ ደግሞ አልጋዬን በግራ በኩል አድርጌው" ብላ ትጀምራለች፣ ከዚያ ትዝ ይላትና ካውያውን ትሰካለች።

የመጨረሻው ችሎት ደረሰ። ጠባብ ክፍል ነው፣ አግዳሚው ይንቋቋል። መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ አጥሯል፣ አክስቴ እሱን ስታይ አየኋትና ቆነጠጥኳት። ሹፌሩ ከልጃቸው ጋር በወዲያኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አክስቴን አስነሳቻት።

"ተከሳሽ ቁልፉን ሰጥተውሻል?"

"አዎ፣ ሰጥተውኛል።"

ጠበቃው ፈገግ አለ።

"ግድግዳውን በስተሽ ዘንግ ሰቅለሻል ይላል። በማን ፈቃድ ነው?"

"በማንም" አለች አክስቴ። "ቤቴ መስሎኝ ነው።"

"መልካም። እንግዲህ ቁልፉን ሲሰጡሽ፣ ቤቱን ይኸው ተረከቢኝ ብለው ነው የሰጡሽ?"

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ "በያት፣ በያት፣ አዎ በያት" እላለሁ በልቤ። አንዲት ቃል እኮ ናት! ሹፌሩ መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸውም አዎ የምትል መስሏቸው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

"አይደለም" አለች አክስቴ። "እንድለካ ነው የሰጡኝ። መስኮት ልለካ ብዬ ለምኜ ነው የወሰድኩት። ይለኩ አሉኝ እንጂ ይግቡ አላሉኝም። የገባሁት እኔ ነኝ።"

ጠበቃው ኩም አለ። እኔ ከአግዳሚው ላይ ብድግ ብዬ "ኧረ አክስቴ!" ስል ፖሊሱ በእጁ አስቀመጠኝ።

ፍርዱ ሳይውል ሳያድር ተነበበ። ውሉ አላለቀም፤ ሹፌሩ ቀብዱን ከነመቀጫው ይመልሱ፤ ቤቱ የእሳቸው ነው። መጋረጃውን ከሳሽ ስትፈልግ መጥታ ትውሰድ። አክስቴ ከሜትሯ ጋር አንገቷ ላይ አንጠልጥላው የኖረችውን ቁልፍ አውጥታ የጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

እስከ ሱቅ ድረስ አፌን አልዘጋሁም። "ማን ጠየቀሽ? ማን ጽድቅ ጻፈልሽ? ውሸት እኮ አይደለም፣ ቁልፉ እጅሽ ነበር!" ለፈለፍኩ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ለፈለፍኩ። አዳመጠችኝ። መጨረሻ ላይ "አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ "ዋሽቼ ብገባ፣ እዚያ መስኮት ጋ በተቀመጥኩ ቁጥር እሳቸው በር ላይ ቆመው ይታዩኛል። እኔ የምፈልገው መቀመጥ ነው።" ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፣ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም።

"መጋረጃውንስ?" አልኳት። "ሄደን አናወርደውም?"

"የት ልሰቅለው? የዚያ መስኮት ልክ ነው" አለችና መርፌዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች።

ዳገቱን መውጣት ግን አልተወችም። አንድ አመሻሽ አብሬያት ነበርኩ። ከማዶ ቆመን ስናይ መጋረጃው ተገለጠ፤ በገመዱ ነው የሳቡት። ሹፌሩ አዩን። ጥቂት ቆይተው በሩን ከፍተው ወጡ፣ መንገዱን አቋርጠው መጡ፣ ቆባቸውን አወለቁ።

"በየማታው አይዎታለሁ" አሉ። "ለምን ደጅ ይቆማሉ? ይግቡ። ወንበሩን እዚያው ጋ አድርጌዋለሁ፣ ሻይ ጥጃለሁ። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ባሻዎት ጊዜ ይምጡ። የእኔ ቤት የእርስዎም ቤት ነው።"

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ትልቁ ክፍል እስከ መስኮቱ ድረስ ይታያል፤ ያ ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ ወንበሩም እውነትም እዚያው ነው። አክስቴ አንድ እግሯን አነሳች። ጀርባዋን በቀስታ ገፋ አደረግኳት፤ ትግባ፣ ትንሽም ብትሆን ትቅመሳት አልኩ። እግሯን መልሳ አስቀመጠች።

"ጋሼ" አለች፣ "እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን እዚህ ቤት እንግዳ ሆኜ አልገባም።"

በቁጣ አላለችውም። ሹፌሩ ቆባቸውን እንደያዙ እዚያው መንገዱ ዳር ቀሩ፤ እኛ ቁልቁለቱን ጀመርን።

ፍርድ ቤት አላለቀሰችም፣ ሱቅ አላለቀሰችም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ስንደርስ ትከሻዬን ይዛ ቆመችና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። አቅፌያት ቆምኩ። ሲወጣላት አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

"ያምራል፣ አይደል?" አለችኝ።

"ያምራል" አልኳት።